ምላስ ሲያዝ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንድ ስልክ መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም። መጀመሪያ "ገና ቢሮ አልገቡም" አልኩ። ቀጥዬ "አሁን ምሳ ላይ ናቸው" አልኩ። ይኸው መሸ። የእኔን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ስልክ ላይ ምላሴ ይያዛል። "መ" ላይ ስደርስማ በቃ።

ሳሎን ውስጥ ማሙሽ ሚስተር ቢንን ከፍቶ ይንከተከታል። ፈተና የሚቀመጥበት ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል። እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሆነን ካሴት ተከራይተን ነበር የምናየው። አባዬ ሳቅ አያበዛም። ቢን ሲመጣ ግን ጋቢውን አፉ ላይ ያደርግና ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ የምወደው በሌላ ምክንያት ነበር። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይናገር ይውላል፤ "ተናገር እንጂ!" የሚለው የለም። እኔ ክፍል ውስጥ ስሜን ስጠየቅ እንኳ ሌላ ልጅ ነበር የሚጨርስልኝ።

ተዋናዩ ራሱ እንደሚንተባተብ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን እንባዬ መጣ። ሮዋን አትኪንሰን ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። እሱን የምታስቸግረው "በ" ናት። የተማረው ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ መጀመሪያ ኒውካስል፣ ከዚያ ኦክስፎርድ። ኦክስፎርድ ከኮሜዲ ጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስ ጋር ተገናኘ፣ ሁለቱም ወደ ቀልዱ ገቡ። ከዚያ ብላክአደር የሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ መጣ። እዚያ ላይ ምላሱ ምላጭ ነው። "በ"ን ከንፈሩን ጨምቆ፣ እንደሚፈነዳ አድርጎ ያወጣታል። ሰው ያንን ሰምቶ ይስቃል። እኔ ግን ያቺ ፊደል ስንት ቀን እንዳሰቃየችው ነው የሚታየኝ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ቢንን ይዞ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ሄደ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ፊት ካልሆነ አለ። ያለ ቋንቋ ይሠራ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። ሠራ። በ1990 ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፤ ሁሉም ተደምሮ 15 ክፍል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የማይሰማው አባዬ ጋቢ ውስጥ ተደብቆ የሳቀው በዚያ ምክንያት ነው።

አትኪንሰን ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት መንተባተቡ እንደሚጠፋ ተናግሯል። ወደ ሙያው የገፋኝ ይህም ሊሆን ይችላል ብሏል። ይገባኛል። ለማሙሽ ተረት ስነግረው፣ ድምፄን አጎርንኜ አያ ጅቦን ስሆን፣ አንድም ጊዜ ተይዤ አላውቅም። "መ"ም ትወጣለች፣ ሁሉም ይወጣል። "አያ ጅቦ መጣሁ!" ስል ማሙሽ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይገባል። ተረቱ ሲያልቅ "ደህና እደር" ማለት ያቅተኛል፤ ግንባሩን ስሜ እወጣለሁ።

ግን ሰውየው በ2021 ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረ። ቢንን መጫወት ደስ አይለኝም፣ ያስጨንቀኛል፣ ያደክመኛል አለ። ያ ሁሉ ዓለም የሚስቅበትን! ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያለ ቃል የሚኖረው ሰውዬ ማረፊያው ይመስለኝ ነበር። እዚያም ካላረፈ፣ ታዲያ የት ነው የሚያርፈው?