የመስቀል ማግስት ሌሊት

ስለቴን ካስገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ሳልመሰክር ብቀር ግን ዕዳው አይለቀኝም።

እህቴ ላ ፓልማ ነበረች፣ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ፣ የስፔን። ፖርቶ ናኦስ በምትባል የባሕር ዳር መንደር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። አሸዋው እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ፎቶ ስትልክ እማዬ «ምኑ ተቃጥሎ ነው?» ትላት ነበር።

መስከረም 9 ቀን 2014 እሳተ ገሞራው ፈነዳ። የለበሱትን ለብሰው ወጡ። እዚያው ደሴት ላይ ታዛኮርቴ የምትባል ከተማ የአሮጊቷ ዘመድ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ እሱ ቤት ገቡ። እግዜር ይስጠው፣ የማያውቃትን ሐበሻ የራሱን አልጋ ለቆ ነው ያስተኛት።

የመስቀል ማግስት ማታ «እሳቱ ባሕር ሊገባ ነው፣ ሲገባ መርዛም ጭስ ስለሚያወጣ በርና መስኮት ዝጉ ተብለናል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኳ ጠፋ።

ያኔ ገና ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበርን። 6 ሰዓት ደወልኩ። ዝግ ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ እደግ ተመንደግ ልበለውና፣ በራሱ ዳታ ቀጥታ ስርጭቱን ከፈተልን። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ያ ቀይ ነገር ከገደሉ ወርዶ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ጭሱ ሁሉን ሸፈነው። ደወልኩ። ዝግ ነው።

ግቢ ወጣሁ። የጸለይኩ እንዳይመስላችሁ፣ ተጣላሁት። «አባታችንን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። እሷን ባሕር ያሻገርካት ለእሳት ልትሰጣት ነው?» አልኩት። በዚህ አፌ።

ስመለስ እማዬ ጧፍ አብርታ ዳዊት ትደግማለች። 45ኛው ላይ ደርሳለች። «ስለዚህ ምድር ብትነዋወጥ፥ ተራሮችም ወደ ባሕር ልብ ቢወሰዱ አንፈራም።» ተራራው እኮ ስልኩ ላይ ወደ ባሕር እየገባ ነው! በዓይኔ እያየሁት! ጉልበቴ ከዳኝ። የአራዳው ጊዮርጊስ፣ ድምጿን ብቻ አሰማኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ።

11 ሰዓት ላይ፣ የኪዳን ደወል ሲደወል፣ ስልኬ ጮኸ። «እኛ ጋ ጭሱ አልደረሰም። ቻርጀሬ ፖርቶ ናኦስ ቀርቶ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው» አለች። እማዬ እልል ስትል ሰፈሩ ነቃ።

85 ቀን ነደደ። ከ7000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። ፖርቶ ናኦስን እሳቱ ባይነካትም ከምድር ሥር የሚወጣው ጋዝ ብዙዎቹን ከ2 ዓመት በላይ ከቤታቸው አራቃቸው።

ዘንድሮ መጣች። ለሚያዝያ 23 ጃንጥላውን አብረን ይዘን ገባን። የድሮ ጫማዋን ስናራግፍ ጥቂት ጥቁር አሸዋ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ልጠርገው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። በጣቷ ለቅማ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ የዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ከተተችው።