የእትዬ ስም በጎዳናው ላይ እንዲወጣ የሄድንበት መንገድ

በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ የሕዝብ መንገድ በሕይወት ባለ ሰው ስም አይሰየምም። ፕሬዚዳንትን ወይም የምክር ቤት አባልን የመሰለ ባለሥልጣን ካልሆነ በስተቀር ሟቹ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ይገባል። ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የምግብ ቤት ባለቤት ሲያርፉ በለቅሶው ቤት መንገዱ በስማቸው ይሰየም ያላለ ሰው አልነበረም። ይህን ሕግ ስነግራቸው ብዙዎቹ ቅር አላቸው። እኔ ግን ጊዜውን ወደድሁት፤ ምስክር የሚሰበሰበው በጥድፊያ አይደለምና።

ወደ ከተማዋ ምክር ቤት ከመሄዴ በፊት የቆየ ታሪክ አጠናሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በዩ ጎዳና አጠገብ ያለው የዘጠነኛ ጎዳና ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሰፈሩ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ እንዲኖር በሚገደድበት ዘመን በኒው ዮርኩ የቴአትር ጎዳና ስም «የጥቁሮች ብሮድዌይ» የተባለ ነው፤ ታሪካችን ሊሸፈን ነው ብለው ሰጉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊርማ ከሐበሻ አልጠየቅሁም፤ በእትዬ ጎዳና ረጅም ዘመን የኖሩትን ጥቁር አሜሪካውያን አዛውንት በየበራቸው ሄጄ አነጋገርሁ።

እዚያ ያገኘሁት ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በረዶ ከተማዋን በዘጋበት ሰሞን እትዬ ምስር ወጥ በትልቅ ድስት ሠርተው ለጎረቤት ሁሉ ሲያድሉ እንደነበር ነገሩኝ። የቤንስ ቺሊ ቦውልን ነገር ያነሡልኝም እርሳቸው ናቸው። ከትሪኒዳድ የመጡት ቤን አሊ ከባለቤታቸው ከቨርጂኒያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 የከፈቱት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድለው ሰፈሩ በተቃጠለበት በ1968 እንኳን ሳይዘጋ የቆየ ቤት ነው፤ ከጎኑ ያለው መተላለፊያ ዛሬ በቤን አሊ ስም ይጠራል። ምግብ እየሸጠ ሰፈር ያቆመ ስደተኛ በዚህ ከተማ መከበሩ አዲስ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ነዋሪው መርጦት ከተማዋን በሚያማክረው በሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን ስብሰባ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ «አድራሻችን ይቀየራል?» የሚል ነበር። አይቀየርም፤ የጠየቅነው የክብር ስም ነው፣ ከነባሩ ስም በተጨማሪ የሚሰቀል። ባለሱቆቹ ንግድ ፈቃዳቸውንም ሆነ የባንክ ወረቀታቸውን መነካካት እንደማያስፈልጋቸው ሲያውቁ ተረጋጉ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ቀድሞ ማደል ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ስብሰባውን የያዘው ግን የእትዬ ልጅ ይዛው የመጣችው የዱቤ ደብተር ነው። ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ተራ ደብተር። የባለዕዳዎቹን ስም በወረቀት ሸፍና ገጾቹን አሳየች፦ ምሳ፣ እራት፣ የጾም በያይነቱ፣ ከጎኑ ዋጋው። በየዓመቱ የፋሲካ ዋዜማ ላይ ገጹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ተሰርዟል። ዕዳውን ምረውት ነው። «ደግ ሴት ነበሩ» ብለን ስንት ደብዳቤ ብንጽፍ ይህን አያህልም። ለዚህ ነው ምስክርነት ስንሰበስብ «መቼ፣ የት፣ ምን አደረጉ?» ብለን እንጂ ውዳሴ እንዲጽፉልን ያልጠየቅነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የምክር ቤት አባል ረቂቁን ያቀርባል፣ ሕዝብ ይደመጣል፣ ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጣል፣ ከንቲባው ይፈርማል። ዲሲ ክፍለ ሀገር ስላልሆነች ሕጉ በአገሪቱ ሕግ አውጪ በኮንግረስ ዘንድ 30 የሥራ ቀን መቆየት አለበት፤ የሚቆጠረውም ኮንግረስ የሚሰበሰብባቸው ቀናት ብቻ ስለሆኑ ወራት ይወስዳል። የምረቃ ቀን ቆርጦ ዘመድ ከአዲስ አበባ መጥራት የሚገባው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። የስማቸውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ረቂቁ ሳይገባ ቤተሰቡ ተስማምቶ ቢፈርምበት ይሻላል፤ የእትዬ ስም በፓስፖርታቸው አንድ፣ በምግብ ቤቱ ታፔላ ሌላ ነበር። እኛ የታፔላውን መረጥን፣ ሰው የሚያውቃቸው በዚያ ነውና።

ሰሞኑን ሜሪላንድ የሚኖሩ ወዳጆች ለአንድ እንጀራ ጋጋሪ እናት ተመሳሳይ ነገር ሊጠይቁ መጥተው አማከሩኝ። ሕጉ በየአስተዳደሩ ስለሚለያይ መጀመሪያ የራሳቸውን እንዲያነቡ ነግሬ የምስክርነት ቅጻችንን ሰጠኋቸው፤ ሐበሻ ያልሆኑትን ጎረቤቶች ዝርዝር አሁን እያዘጋጁ ነው።