ፋርሊ ሞዋትን ከየት መጀመር ይሻላል?

ዛሬ የካናዳዊውን ፋርሊ ሞዋትን (1921–2014) መጻሕፍት ሳገላብጥ ዋልኩ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በ1963 ከወጣው የተኩላ መጽሐፉ ነው። አተራረኩ ያስቃል፣ ግን ተኩላ በበጋ አይጥ እየበላ ይኖራል የሚለውን እንደ ሳይንስ ዘገባ የያዘ ይሳሳታል፤ የዘርፉ ተመራማሪዎች ገና ያኔ ተቃውመውታል። በ1996 ደግሞ አንድ የካናዳ መጽሔት ትረካዎቹ ከመዛግብቱ ጋር እንደማይገጥሙ አስነበበ። ተኩላን ሰው እንዲወደው ማድረጉን ግን ማንም አይነፍገውም።

እኔ ብጠየቅ በ1979 ከወጣው የጦር ሜዳ ትዝታው ጀምሩ እላለሁ። በጁላይ 1943 ሲሲሊ ላይ ከወረደ የእግረኛ ሬጅመንት ጋር፣ ወጣት መኮንን ሆኖ እስከ ጣሊያኗ ከተማ ኦርቶና ውጊያ ድረስ ይወስደናል። ጀብዱ ፈላጊ ይከፋዋል፤ መጽሐፉ የሚተርከው ፍርሃት ሰውን ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚበላ ነው።

ለልጆች የ1956ቱ ልብ ወለድ ይሻላል። ሁለት ወጣቶች ዛፍ በሌለው የሰሜን ምድር ክረምት ይይዛቸዋል። መጠለያ መሥራቱ፣ ካሪቡ (የሰሜን አጋዘን) አድኖ ሥጋውን ማድረቁ በዝርዝር አለ። በዚያ ብርድ ስብ የሌለው ሥጋ ብቻ መብላት ሆድ ቢሞላም አቅም ያሳጣል፤ አዳኞች ጮማውን አስቀድመው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።