ቀኑ የታወቀ ብር

ሰኔ ሲገባ የሚጫነኝ ነገር አለ፤ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ይከብዳል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ሰው ሁሉ "ቆይ ነገ" ይላል። ዛሬም ለአንዲት ተራ ጉዳይ "ነገ ና" ሲሉኝ ዋሉ። ያናደደኝ መዘግየቱ አይደለም፣ ቀን አለመቁረጣቸው ነው። "ከሁለት ሳምንት በኋላ" የተባለ ሰው ሁለት ሳምንቱን ያመቻቻል፣ ሌላ ሥራውን ይሠራል። በየቀኑ ነገ የሚባል ግን ወሩን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ይህን እያጉረመረምኩ ሐሳቤ ሳላዘው ሄዶ ሴፍቲኔት ላይ፣ ድሃ የገጠር ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ ብር ወይም እህል የሚከፈልበት ፕሮግራም ላይ፣ ቁጭ አለ። የማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ የሚያልቅበት ወር ሰኔ ነው፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬው ለራሱ ማሳ ይፈለጋልና እርከኑም፣ የመንገድ ጥገናውም፣ ኩሬውም በበጋ ያልቃል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይሠራል፤ አምስት ሰው ያለበት ቤት 25 ቀን ይደርሰዋል። ሕፃኑም አያቱም ይቆጠራሉ፣ የእነሱን ቀን የሚሠሩላቸው ጉልበት ያላቸው ናቸው። ጉልበት የሚባል ነገር የሌለበት ቤት፣ ጧሪ ያጣች አሮጊት፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ሳይሠራ ይከፈለዋል፤ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ይሄ ነው። ነፍሰ ጡርና አራስም ከአካፋው ነፃ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1997 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1995ቱ ድርቅ፣ እርዳታ ሲጠብቅ የነበረው ሕዝብ 13 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚያም በፊት ቢሆን አሠራሩ ያው ነው። ዝናብ ይቀራል፣ አጥኚ ይወጣል፣ ጥሪ ይደረጋል፣ መርከብ ይጫናል። ስንዴው ቀበሌው ሲደርስ በሬው ተሸጧል። ሰው ሴፍቲኔትን የሚያውቀው ስንዴን በብር በመተካቱ ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያ አይደለም። በየዓመቱ የሚመጣ ረሃብ በየዓመቱ እንደ አዲስ እንግዳ መታየቱ እንዲቀር መታሰቡ ነው። የሚቸገረው ቤት አስቀድሞ ይታወቃል፣ ስሙ ይመዘገባል፣ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ይከፈለዋል።

መነሻ ክፍያው በቀን 6 ብር ነበር። 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ ነው፣ ኪሎው በ2 ብር። ለአምስት ሰው ቤት በወር 150 ብር፣ ወደ እህል ሲመነዘር 75 ኪሎ፣ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በ2000 ዋጋ ሲሰቀል ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ አለ፤ 25 ጊዜ 8፣ 200 ብር። ኪሎው 4 ብር ገባ ብንል 50 ኪሎ ነው፣ የሃያ ቀን ቀለብ። አሥሩን ቀን ማን ይሸፍነው? ብሩን ሲወዱት የነበሩ ሰዎች "በእህል አድርጉልን" ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። አዲስ ነገር ስለፈሩ አይደለም፣ ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው። በኋላ፣ በ2007 ማብቂያ የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ፣ ልኩን በሆድ ቆረጠው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ፤ ብሩ ይህን እንዲገዛ በየዓመቱ የገበያ ዋጋ ይጠናል። ችግሩ፣ ዋጋው የተጠናበት ወርና ብሩ የሚከፈልበት ወር አንድ አለመሆናቸው ነው። አጥኚው ያየው ገበያና እናትየዋ ጆንያ ይዛ የምትሄድበት ገበያ አይተዋወቁም።

ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ነው፦ በቂ ነው፣ በቂ አይደለም። በቂ አይደለም፣ እሺ። እኔን የሚያብከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ያው 200 ብር፣ ያው አንድ ሺህ፣ በተባለበት ቀን ሲደርስና ሁለት ወር ዘግይቶ ሲደርስ ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው።

አንድ በሬ ብቻ ያለውን ገበሬ አስቡ። ብቻውን አያርስም። ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ። የሚያዝያው ብር ቀረ እንበል። ጎተራ ባዶ ነው፣ ልጆች አሉ። ግንቦት ላይ በሬውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ግንቦት ላይ ከብት ከስቷል፣ ሻጭ በዝቷል፣ እህል ደግሞ ተወዷል፤ ርካሽ ሸጦ ውድ ይገዛል። ሐምሌ ሲመጣ የሚቀናጀው የለም፣ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ኅዳር ላይ ከገዛ መሬቱ ምርት ግማሹ በሌላ ሰው አህያ ተጭኖ ሲሄድ ያያል። ጎረቤቱም ቢሆን ቀንጃውን አጥቶ ሌላ ሲለምን ከርሟል። የተጠራቀመው ብር ሰኔ መጨረሻ ላይ ሙሉውን፣ ሳንቲም ሳይጎድል ይደርሳል። ሪፖርቱ ላይ "ተከፍሏል" ተብሎ ይጻፋል። እውነት ነው፣ ተከፍሏል።

በሬ የሌለው ደግሞ ወደ ሱቅ ነው የሚሄደው። ባለሱቁ ደብተር አለው። ብሩ በየወሩ ሲመጣ ያየ ባለሱቅ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና በዱቤ ይሰጣል፣ የሚጨምረውም ትንሽ ነው። ሁለት ጊዜ ሲቀር ያየ ግን መጀመሪያ ዋጋ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ዘይቱ ከጀርባው ተደርድሮ እየታየ "ዘይት አልቋል" ይላል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው አራጣ ነው። በወር ከመቶ 10 የሚያስከፍል ከሆነ፣ ሚያዝያ ላይ የተወሰደ 1000 ብር ሐምሌ ላይ 1300 ሆኖ ይጠየቃል። ሦስት መቶው እንግዲህ ከየትኛውም በጀት አልወጣም፣ በየትኛውም ኦዲት አይገኝም።

ለምን ይዘገያል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌባ ይፈልጋል። ሌባም አይጠፋም። አብዛኛው ግን ወረቀት ነው። የቡድን መሪው በየቀኑ ስም ይጠራል፣ አቴንዳንሱ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ኮምፒውተር ላይ ይገባል፣ ፔሮል ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ወደ ፋይናንስ ይሻገራል። ከአንድ ቀበሌ አንዲት አቴንዳንስ ብትጎድል ወረዳው ሌሎቹን ለብቻ ላለመሥራት ሁሉንም ያቆያል። ባለሙያው ሥልጠና ከሄደ አቴንዳንሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። መኪናው ከተበላሸ ገንዘብ ያዡ አይወጣም። ማንም ክፉ ሳይሆን ወር ያልፋል።

በስልክና በባንክ ሲሆን ይህ ይቀላል ተባለ፣ በከፊልም ቀለለ፤ ገንዘብ ያዥ በጆንያ ብር ጭኖ የሚዞርበት ቀንሷል። ግን አዲሱም የራሱ ጣጣ አለው። ስም አለ መጀመሪያ። የቀበሌው መታወቂያ ላይ "ኃይሉ"፣ የተጠቃሚው ካርድ ላይ "ሀይሉ"፣ ሲስተሙ ላይ ደግሞ በፈረንጅ ፊደል ሌላ ዓይነት፤ ሒሳቡ አይከፈትም፣ ሰውየው ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል። ብሩን የሚከፍለው ወኪል፣ ኤጀንቱ፣ ጋ ሃምሳ ሰው ሲደርስ ጥሬ ብር ያልቃል፤ ኔትወርክ ያለበት ቀንና ብር ያለበት ቀን ካልተገጣጠሙ ሁለቱም የሉም ማለት ነው። የሚስጥር ቁጥሩን አሮጊቷ አታስታውሰውም፣ ስለዚህ ኤጀንቱ ራሱ ያስታውስላታል፤ ይህ ደግሞ ሚስጥርነቱ የት ላይ እንደሆነ እንጃ። አሻራም ቢሆን እንደዚያው ነው። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲያነሳ የኖረ አውራ ጣት መስመሩ ተልጓል፣ ቀለም ቢነከር የሚወጣው ጥቁር ክብ ብቻ ነው። ለድሃ የታሰበ ክፍያ የድሃን ጣት አላነብም ይላል።

"ብር ከምትሰጧቸው..." የሚሉ አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ "ጠላ ይጠጡበታል።" 25 ቀን ድንጋይ የተሸከመ ሰው አንድ ጣሳ ቢጠጣስ? ይቅር፣ ይህን ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ።

የሴቶቹ ብር የሚቋጠረው መቀነት ጫፍ ላይ ነው። ሲፈታ ቅደም ተከተል አለው፣ ያለ ወረቀት የሚሠራ በጀት ነው። መጀመሪያ የባለሱቁ ደብተር ይዘጋል፣ ካልተዘጋ የሚቀጥለው ወር የለም። ቀጥሎ እህል፤ ከእህሉ ጋር የወፍጮ ሒሳብ ይታሰባል፣ ይህን የሚረሳው የከተማ ሰው ነው። ከዚያ እድር፣ ምክንያቱም ሰው በችግር መኖር ይችላል፣ ያለ ቀባሪ መሞት ግን አይፈልግም። ደብተርና እስክርቢቶ፣ ሳሙና፣ ጨው። ከተረፈ ዶሮ። የዶሮዋ ዕንቁላል ተሸጦ የሚቀጥለውን ጨው ይገዛል። ቀኑ ሲታወቅ ይህ ሰልፍ ይከበራል። የሦስት ወሩ ተጠራቅሞ ሲመጣ ግን ይፈርሳል፤ አበዳሪው ክፍያው ቦታ ድረስ መጥቶ ይጠብቃል፣ መቀነቱ ሳይቋጠር ይፈታል። በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ያየ ዘመድም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣል።

ስምንት ሰው ያለበት ቤት ካርዱ ላይ አምስት ብቻ ሲጻፍ፣ አምስቱ ይበላሉ ሦስቱ ያያሉ አይደለም። ስምንቱም ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። በወሩ አጋማሽ እህሉ ያልቅና በጣሳ መግዛት ይጀመራል። በጣሳ የሚገዛ ሰው ኪሎውን ከማንም በላይ በውድ ነው የሚገዛው። ግማሽ ኩንታል በአንድ ጊዜ የሚገዛበት ብር በወቅቱ ቢኖረው ያተርፍ ነበር። ድህነት ውድ ነው።

ትግራይ ውስጥ፣ ዓቢይ ዓዲና ሕንጣሎ ወጀራት ላይ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2014 የተሞከረው አሠራር እስካሁን ይመጣብኛል። ጉልበት ለሌላቸው በጣም ድሃ ቤቶች በወር 155 ብር መነሻ፣ በልጅ 25 ብር ጭማሪ፣ እስከ አራት ልጅ። አራት ልጅ የምታሳድግ አያት 255 ብር ታገኛለች ማለት ነው። አካፋ የለም፣ አቴንዳንስ የለም፤ ክረምት ከበጋም አይለይም። ትንሽ ብር ናት። ግን ነሐሴም ላይ ትመጣለች፣ የማኅበረሰብ ሥራው ብር በማይመጣበት ወር።

እዚህ ጋ ነው የምጠመደው። ረሃቡ የሚበረታው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፣ እሸት እስኪደርስ። ክፍያው ሰኔ ላይ ያልቃል። የሚያዝያና የግንቦቱ ዘግይቶ ሐምሌ ላይ ሲወጣ "ጥሩ ሆነ፣ ለክረምቱ ደረሰልን" የሚል አይጠፋም፤ መዘግየቱ ራሱ ሳይታሰብ ክረምቱን ሸፈነ። ታዲያ ሆን ተብሎ ቢከፋፈልስ? የስድስት ወሩ በአሥራ ሁለት? በወር የሚደርሰው ያንሳል፣ በጣሳ መግዛት ይበዛል። ወይስ በተቃራኒው፣ ሙሉው ጥር ላይ፣ እህል ርካሽ በሆነበት ሰሞን? የአምስት ሰው ቤት የወር 75 ኪሎ በስድስት ወር አራት ኩንታል ተኩል ነው፤ ጥር ላይ በአንዴ የገዛ ሰው በዚያው ብር ከዚያ በላይ ጎተራ ያስገባል፣ እያብቃቃ ነሐሴን ይሻገራል። ዱቤ የለም፣ አራጣ የለም፣ በሬው ተኝቶ ያመሰኳል።

ወረቀት አውጥቼ ደመርኩት። ደስ አለኝ። የማላውቃት፣ ምክሬን ያልጠየቀች ሴት ጎተራ ሞላሁላት። ከዚያ ጎተራው ከጭቃና ከእበት የተሠራ መሆኑን፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ነቀዝ እንደሚገባበት አስታወስኩ። ሦስት ድርብ፣ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ ዋጋው ግን ከተራው ማዳበሪያ ይበልጣል፣ አይጥ አንድ ጊዜ ከበሳችው ደግሞ ነገሩ አበቃ። እሺ፣ አራት ኩንታል ተኩል በመቶ መቶ ኪሎ ቢከተት አምስት ከረጢት ነው። የአምስቱ ዋጋ ከየትኛው ቀን ሥራ ላይ ይቀነስ? ድመትስ ትቆጠራለች፣ ከቤተሰብ አባል?