ያገለገለ ቪ8 መኪና በባሕር ዳር፦ ከገዙት በኋላ የሚመጣው ወጪ

ይህን የምጽፈው ሳልገዛ በፊት የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ደላላው ስለ ሞተሩ ጉልበት አወራኝ። ሻጩ ስለ ቆዳ ወንበሩ አወራኝ። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ መኪና የያዙ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱም ወጪያቸውን ማውራት አይወዱም። እኔ ላውራው።

መኪናዬ የጀርመን ነው። ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር ያለው) ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው፤ በሞላ ፈንታ በአየር ነው የሚቆመው። ከተሠራ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። የአምራቹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ የጀርመን ትልልቅ መኪኖች በሽታቸው ተቀራራቢ ነው። ግዢው ራሱ አላስቸገረኝም። ውል፣ ስም ማዛወር፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣ አለቀ። ዋጋውም ደህና ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ያገለገለ ቶዮታ እሳት ሆነ። የኔን ዓይነት ግን ብዙ ሰው አይደፍረውም። ስለዚህ ርካሽ ይመስላል።

መደበኛውን ወጪ በአጭሩ ልበል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ከስምንት ሊትር በላይ ዘይት ይወስዳል፤ ቪትዝ አራት ሊትር አይሞላም። ካንዴላው ስምንት ነው፣ ኮይሉም ስምንት። የመኪናው መጽሐፍ ዘይቱ እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። አትስሙት። ያ የተጻፈው ጥሩ ቤንዚን ለሚቀዳና ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ነው። እኛ ከጊዮርጊስ እስከ ቀበሌ 14 በአቧራ መሃል እየቆምን የምንሄድ ሰዎች ነን። እኔ በ5,000 እቀይራለሁ። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ በጀሪካን የሚሸጠውን በምንም ተአምር አላስገባም። ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አይታወቅም፤ የዚህ ሞተር ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ከተበላሸ ደግሞ በስምንት ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። ነዳጅ ከሌለ መኪናው ይቆማል፣ እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ።

ጉልበቱንም እወቁት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። ወረቀት ላይ 340 የፈረስ ጉልበት ያለው እዚህ ወደ 280 ይወርዳል። ውሃም እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ የማይፈላው የማቀዝቀዣው ውሃ በግፊት ታፍኖ ስለሚዞር ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ያቺ ትንሽ የውሃ መሙያው ክዳን ናት። ክዳኗን መኪናውን በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩ። ከጠቅላላው ወጪ ርካሿ እሷ ናት፣ የምታድነው ግን ቴስታታ፣ የሞተሩን ራስ፣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ መኪናውን በአየር ወደሚያቆመው ኤር ሰስፔንሽን።

ሰኔ 2016 አንድ ጠዋት የግራ የፊት ጎኑ ጎማው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ሞተር ሳስነሳ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ጮኸ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ተነሣ። በማግሥቱም ያው። በከተማው ደህና ስም ያለው ጋራዥ ወሰድኩት። ኮምፒውተር ሰኩበት። ኮምፕሬሰሩ ላይ የብልሽት ኮድ ወጣ። ዋናው መካኒክ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና "ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፤ ኮምፒውተር አይዋሽም ወንድሜ" አለኝ።

ዕቃው ባሕር ዳር አልነበረም። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገኘ። 45,000 ብር። መንገዱ ስለተዘጋ በአውሮፕላን ተላከ፤ የጭነቱ ተጨምሮበት። የእጅ ዋጋ ተከፈለ። መኪናው ተነሣ፣ ደስ አለኝ፣ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ወዲያና ወዲህ ነዳሁት። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ይህ መኪና እዚያ ላይ ሲሄድ መንገዱን አይነካውም ያሰኛል። እንዲህ ስለሚሄድ ነው የምወደው።

ሳምንታት ሳይቆይ ያው ግራ ጎን ተኛ። አሁን ግን የባሰ ነገር መጣ። ሌሊት ቁልፉ ተነቅሎ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ኮምፕሬሰሩ ብቻውን ይጮሃል። ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆነ፣ ኮምፕሬሰሩም ተቃጥሎ ሸተተ። ጋራዡ ምን አለኝ? "ያመጣኸው ዕቃ ነው ችግሩ፤ ሌላ አምጣ።" መጀመሪያ ያወጡትን ኮምፕሬሰር እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። "ተጥሏል" አሉኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያ ዕቃ ጤነኛ እንደነበር አሁን እርግጠኛ ነኝ። ማን እንደጣለው፣ ወይም ማን እንደሸጠው፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በመሃሉ ደግሞ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያው ዓይነት ያገለገለ ኮምፕሬሰር 85,000 ሆነ። ነጋዴውን አልወቅስም፣ የሚተካው በዶላር ነው። የምወቅሰው ሳይመረምር "አምጣ" የሚለውን ነው። አንዲት የተሳሳተች "አምጣ" ስንት እንደምታስከፍል የሚያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው።

ችግሩን ያገኘው ጋራዥ አይደለም። ጎማ ልነፋ የቆምኩበት ሸምገል ያለ ጎሚስታ ነው። መኪናው አንዱን ጎን ጥሎ ሲያየው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና "የኔ ልጅ፣ ይሄ የሚሸከመው ነገር እኮ ጎማ ነው። ጎማ ሲተነፍስ እኛ ምን እናደርጋለን?" አለኝ።

"ይሞክሩት ጋሼ" አልኩት።

መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ አስነሣና በብረት መቆሚያ አስደገፈው። ይህን እንዳትረሱ፤ በአየር የሚቆም መኪና ሥር መቆሚያ ሳያደርጉ መግባት ሞት ነው። ቀጥሎ የአየር አሞርቲዛቶሩን፣ መኪናውን የሚሸከመውን በአየር የሚነፋ ላስቲክ፣ በራሱ የጎማ መንፊያ ቱቦ አየር ሞላው። ከዚያ ኦሞ በጥብጦ በብሩሽ ላሰው። ላስቲኩ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት መስመር ላይ፣ ከጥፍር የማትረዝም ስንጥቅ ነበረች። ዓይን አያያትም። አረፋው ግን ከዚያች መስመር ላይ እየተግተለተለ ወጣ፤ ቢጠርጉትም ተመልሶ ይወጣል። ጎሚስታው ለዚህ የጠየቀኝ የቡና ብቻ ነው። የሚገባውን ሰጠሁት።

ነገሩ ሲብራራ ቀላል ነው። ላስቲኩ በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢሆንም ዓመታቱ ይቆጥሩበታል። አየር ሲያፈስ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ ይግላል። ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው ኮድ "ብዙ ሠራሁ፣ ጋልኩ" የሚል ነበር እንጂ "ሞቻለሁ" የሚል አልነበረም። በዚያ ላይ የኮምፕሬሰሩ ሪሌ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋለት ትንሽ ዕቃ፣ ሥራ ከመብዛቱ የተነሣ ውስጡ ተጣብቆ ቀረ። ቁልፍ ተነቅሎ ሌሊት የሚጮኸው ለዚህ ነው። ያ ሪሌ ከአንድ ምሳ ብዙ አይበልጥም። ኮምፕሬሰር ሲቀየር አብሮ መቀየር እንዳለበት ማንም ባለሙያ ነኝ ባይ ሊያውቀው ይገባል።

ሁለቱን የፊት አሞርቲዛቶሮች በአንድ ላይ ቀየርኩ። 190,000 ብር። አዲስ ናቸው፣ የፋብሪካው ስም ግን የለባቸውም። ብዙ ሰው "አየሩን አውጥተህ ሞላ አስገባ፣ ዕረፍ" ብሎ መከረኝ። ወደ ገጠር መንገድ ለሚወጣ ሰው እኔም እመክረዋለሁ። ለኔ ግን መኪናውን የገዛሁት ለዚያ አካሄዱ ነው፤ እሱን አውጥቼ ባዶ ክብደቱን ብቻ መንዳት አልፈለግሁም። አልተጸጸትኩም።

ለሚገዛ ሰው የምለው ይህ ነው። ከመዋዋላችሁ በፊት መኪናውን አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ማታ ከጎማው መሃል ከበላዩ እስካለው የመኪናው አካል ጠርዝ ያለውን በሜትር ለኩ፣ ጠዋት ድገሙት። ሻጩ እንቢ ካለ ተዉት። የራሳችሁን ስካነር (የብልሽት ኮድ የሚያነበውን) ግዙ፣ ግን በስልክ የሚሠራውን ርካሹን አይደለም፤ እሱ የሞተሩን ኮድ እንጂ የሰስፔንሽኑን አያነብም። የተነቀለ ዕቃ ሁሉ ወደ ቤታችሁ ይሂድ፣ ቡሎን ሳይቀር። 20 ኢንች ቸርኬ ከኮብልስቶን ጋር አይስማማም፤ ፍሬኑ ከፈቀደ ወደ 18 አውርዱትና ወፍራም ጎማ አልብሱት። የመኪናውን ዋጋ ሩብ ጥሬ ገንዘብ ሳታስቀምጡ አትግዙ። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ አልፏል ብላችሁም አትተማመኑ፤ የኔ ያንኑ ስንጥቅ ይዞ አልፏል።

ስለ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ የመኪናውን መጽሐፍ አትመኑ። "ለዕድሜ ልክ የተሞላ" ይላል። ለብዙ የጀርመን መኪኖች ካምቢዮውን የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ ግን በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስምንት ዓመት ይቀየር ይላል። የኔ መቼም ተቀይሮ አያውቅም። ዘይቱ፣ ፊልትሮውና ጋስኬቱ አዲስ አበባ ተገዝተው ተልከውልኛል። በዚህ ወር አስቀይረዋለሁ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ።