ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጡ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አስፋልቱ ነው፤ ለመኪና እንዲመች እየተጠማዘዘ ዳገቱን ይዞራል። ሁለተኛው አቋራጩ ነው። አቋራጩን መሐንዲስ አልቀየሰውም፤ እግር ነው ያወጣው። አስፋልቱን በየመታጠፊያው እየቆረጠ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ ይወጣል። ክረምት ጎርፍ ይወርድበታል፤ በጋ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። የልጅነቴ መንገድ ይህ ነው። ዛሬ ከረጅም ዓመታት በኋላ ወጥቼበት ተመለስኩ። ጉልበቴ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 21ን የመረጥኩት አስቤበት ነው። አያቴ ወር በገባ በ21 ማርያምን ለመሳለም ይህን ዳገት ሳትወጣ የቀረችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሳይነጋ ትቀሰቅሰኝና ሹራብ ታለብሰኛለች። ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ለጸበል የምትሆን ትንሽ ጀሪካን ታንጠለጥላለች፣ ቆሎ በመሐረብ ትቋጥራለች። ቆሎው ለመልስ ነው፤ ቅዳሴ ሳያልቅ አይነካም። እኔ ግን ዳገቱን ሙሉ ዓይኔን ከመሐረቡ ላይ አልነቅልም ነበር።

ያኔ ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበር። አሁን የምኖረው በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ፣ ጀሞ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን እንጦጦ ከመስኮቴ ይታየኛል። ብዙ ጊዜ ቡናዬን ይዤ እያየሁት አያቴን አስባታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከሚኒባሱ ስወርድ የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም ነበር። ከጀርባ ባለው ሰፈር ግን የሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ ሰማሁ። በልጅነቴ ጎረቤቶቻችን ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ነበሩ፤ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው ከንጋት እስከ ማታ ይሠራሉ፤ እኛ ልጆች በሩ ላይ ቆመን ጥለቱ ሲወጣ እናያለን። ያንን ድምፅ ከመንገድ ላይ ስሰማው ሆዴ ባባ። ሰፈሩ ብዙ ተለውጧል፤ የእኛ ቤት የነበረበትን ቦታ ለማግኘት አልሞከርኩም። የመጣሁት ለመንገዱ ነው።

የመጀመሪያው ዳገት ነው ትንፋሽ የሚያሳጥረው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አትሌቶቻችን እዚህ የሚሮጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የሠለጠኑበት ተራራ ነው። ዛሬም አስፋልቱን ስሻገር ቱታ የለበሱ ወጣቶች በዝምታ እየሮጡ አለፉ፤ የሚሰማው ትንፋሻቸውና የጫማቸው ኮቴ ብቻ ነው።

ከአስፋልቱ ማዶ ጫካው ይጀምራል። እዚያ ብዙ ቆየሁ። የነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝ ቅጠሉ ክብና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ በጣት ሲነካ ነጭ ብናኝ ይለቃል። ዛፉ ሲያድግ ግን ቅጠሉ ረዝሞ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ልጆች ሆነን ሁለቱ የአንድ ዛፍ ቅጠሎች መሆናቸውን አናምንም ነበር። ክቡን ገንዘብ አድርገን እንገበያይበታለን፤ የፍሬውን ክዳን እየለቀምን ክር ላይ እንሰካለን። አያቴ ደግሞ ረጅሙን ቅጠል ለጉንፋን ቀንጥሳ ትይዛለች፤ ማታ ታፈላውና ጋቢ ተከናንቤ እታጠናለሁ። ዛሬ አንዱን ቅጠል በመዳፌ አሽቼ ሳሸተው ያ የጋቢው ውስጥ ጨለማና እንፋሎት፣ ከውጭ ደግሞ «ገና ነው፣ አትግለጪ» የሚለው ድምፅዋ ትዝ አለኝ።

ይህ ጫካ ከጥንት የነበረ አይደለም። የአገሩ ዛፍ ጽድና ወይራ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ለቤት መሥሪያውም ለምድጃውም እየተቆረጠ አለቀ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፍል ውኃ አጠገብ ስትቆረቆርም የማገዶው ችግር አብሮ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማዋ በቦታዋ ጸናች። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምረነዋል። እንጨቱ ከተራራው ወደ ምድጃው በማን ጀርባ እንደወረደ ግን ማንም አላስተማረንም።

በሴቶች ጀርባ ነው የወረደው። እኛ ስንወጣ እነሱ ይወርዱ ነበር። የጫካ ጥበቃ እንዳይዛቸው በሌሊት ወጥተው፣ ጭራሮውንና ቅጠሉን ለቅመው፣ እኛ ገና መንገድ ስንጀምር እነሱ የቀኑን ግማሽ ሥራ ጨርሰዋል። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ በጀርባቸው አግድም ስለሚያርፍ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ወገባቸው እጥፍ ብሏል፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ ተቋጥሯል፤ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ አለ፣ ወይም ምንም የለም። አያቴ ገና ከሩቅ ስታያቸው ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ትስበኛለች። «ሸክም ላለበት ሰው መንገድ ይለቀቃል» ትለኛለች። ሲያልፉ ደግሞ «አይዞሽ እናቴ፣ እሷ ታበርታሽ» ትላቸዋለች። «አሜን» የሚለው መልስ ከእንጨቱ ሥር ይወጣል። ፊታቸው አይታየኝም ነበር።

ከመንገዱ አጋማሽ ከፍ ብሎ አንድ የአፈር መደብ አለ። ዳገቱ በተቆረጠበት ቦታ፣ ወገብ በሚያህል ከፍታ የተሠራ፣ ርዝመቱ አራት አምስት ሰው የሚያስቀምጥ ነው። እነዚያ ሴቶች ጀርባቸውን ወደ መደቡ አዙረው ዝቅ ይላሉ፤ ሸክሙ መደቡ ላይ ያርፋል፣ ገመዱ ይላላል፣ ትንፋሽ ይገባል። ሸክሙን መሬት ላይ ቢጥሉት ብቻቸውን መልሰው ሊያነሡት አይችሉም። ከመደቡም ቢሆን ለመነሣት የሚያግዝ ሰው ቢገኝ ይሻላል። «አሸክሙኝ» ይላሉ ለአላፊ አግዳሚው። አያቴ ጀሪካኑን ለእኔ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከሥር ትደግፋቸዋለች። ይህን ሳታደርግ ካለፈች ማርያምን የተሳለመች አይመስላትም ነበር ብዬ ዛሬ አስባለሁ።

አቋራጩ ጠቧል። ሁለት ሸክም ጎን ለጎን ይተላለፍበት የነበረው ስፍራ አሁን አንድ ሰው የሚያሳልፍ ሆኗል። ግራና ቀኙን ቀጋ ይዞታል፤ አንዳንድ ቦታ ሣሩ መሐል ድረስ ገብቷል፤ ሁለት ጊዜ መንገዱ ጠፍቶኝ በባሕር ዛፉ ቅርፊት ላይ እየተንሸራተትኩ ፈልጌ አገኘሁት። መደቡ ግን አለ። ጠርዙ ተንዷል፤ መቀመጫው አሁንም ለስልሶ ያበራል። እዚያም አንዲት እናት ሸክማቸውን አሳርፈው ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደሩ እማማ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ለማርያም ነው?»

«አዎ።»

«በአስፋልቱ ታክሲ አለ እኮ።»

«ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር በዚህ ነበር የምወጣው።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው መደቡን መታ መታ አደረጉ። ድሮ እዚህ ለመቀመጥ ተራ ይጠበቅ እንደነበር ነገሩኝ። «ይህ መንገድ ገበያ ነበር። አሁን አንዳንዷ አርጅታለች፣ አንዳንዷ አርፋለች። ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ ተመስገን። የእኔዋን በዚሁ ነው ያስተማርኳት፣ ነርስ ናት። ‹ተይው በቃሽ› ትለኛለች። እኔ ግን ቁጭ ማለት አላውቅበትም።» ቅጠሉን የሚወስዱላቸው እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ሲያወሩ የነጠላቸው ጫፍ ገለጥ አለና ከአንገታቸው በታች፣ ገመዱ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቆዳቸው ጠቁሮና ጠንክሮ መስመር ሠርቶ አየሁ።

«በይ አሸክሚኝ» አሉኝ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ሸክሙን ከሥር በሁለት እጄ ይዤ ሽቅብ ስገፋ መጀመሪያ ምንም አልተንቀሳቀሰም። «አንድ ላይ» አሉኝ፤ እሳቸው ወደ ፊት ሲያዘነብሉ እኔ ገፋሁ፤ ጉልበታቸው ለአፍታ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቆመ። ገመዱን በአውራ ጣታቸው አስተካክለው መሬት መሬት እያዩ «ስለትሽን ትስማሽ» አሉኝ። እኔ ያንን ሸክም እስከ ሚቀጥለው አስፋልት እንኳ አላደርሰውም ነበር። እሳቸው ሳይቸኩሉ፣ እግራቸውን ጠምዘዝ እያደረጉ፣ ቁልቁለቱን ተያያዙት። ዳር ይዤ እስኪሰወሩ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ባለው ዳገት ላይ ያሰብኩትን መጻፍ እፈልጋለሁ። መንገዱ ሲጠብ ሳይ አዝኜ ነበር፤ የልጅነቴ የሆነ ነገር እየጠፋ መስሎኝ። አቋራጩ ያን ያህል ሰፊ የነበረው ግን ብዙ ሴቶች ብዙ ሸክም ስላወረዱበት ነው። ሣሩ የበቀለው የአንዷ ልጅ ነርስ ስለሆነች ከሆነ፣ የሌላዋ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስለገባ ከሆነ፣ ይብቀል። ከልቤ ነው የምለው፤ የትዝታዬ መንገድ እንዲሰፋልኝ ብዬ የማንም ወገብ እንዲጎብጥ አልፈልግም።

መደቡ ግን እንዲፈርስ አልፈልግም። አራዳ ጊዮርጊስ ላይ ምኒልክ በፈረሳቸው ቆመዋል፤ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አላቸው፤ ይገባቸዋል። ይህችን ከተማ እንጀራ ሲያበሉ የኖሩት ሴቶች ከሠሩት ነገር ቆሞ ያየሁት ይህ የአፈር መደብ ነው። ድንጋይ ቢደገፍለት፣ አጠገቡም ለምን እንደተሠራ የሚናገር ጽሑፍ ቢቆምለት ምኞቴ ነው። ተራራውን ዛሬ ብዙ ሰው ይጎበኘዋል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለብስክሌት፣ ለፈረስ ግልቢያ፣ ንጹሕ አየር ለመቀበል የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝም በየቦታው ተተክሎ አየሁ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የሚመጣው ሰው ከእሱ በፊት በዚህ ተራራ ማን እንደተመላለሰበትም ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ማርያም ስደርስ ቅዳሴው ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር። ስምንት ማዕዘኑን ቤተ ክርስቲያን ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከብቦታል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ እንዲህ ባለው ብርድ። አያቴ ግን ስለ ዘውዱ አንድም ቀን አንሥታልኝ አታውቅም። ለእሷ ይህ ቦታ ልጆቿን አደራ የምትሰጥበት ነበር። እሷ ትቆምበት ከነበረው ከዛፉ ሥር ቆሜ ስማችንን በቅደም ተከተል፣ እሷ በምትጠራው ቅደም ተከተል፣ ጠራሁ። የራሷንም ጨመርኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ የተራራው ጀርባ ጋር ሄድኩ። በደቡብ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ሱሉልታ ወርዶ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ይህን መምህራችን የነገሩን ዕለት ማመን አቅቶኝ፣ በሚቀጥለው ማርያም ከጀሪካኑ በክዳን እየቀዳሁ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አፈሰስኩ። አያቴ ደንግጣ «የማርያምን ጸበል!» ብላ ተቆጣች። ነገሩን ሳስረዳት ግን ቆም ብላ አሰበችና «ይሁን፤ ሁለቱንም ይባርካቸው» አለችኝ። ዓባይ ሲነሣ እስከ ዛሬ ድረስ የምሰማው ይህንን ነው።

ስወርድ ጉልበቴ በጣም ተቸገረ። በልጅነቴ ይህን ቁልቁለት ቆሎ እየበላሁ እሮጠው ነበር። መደቡ ጋ ደርሼ አረፍኩ፤ ማንም አልነበረም። ከተናደው ጠርዝ የወደቁትን ጓሎች አንሥቼ መልሼ ደረደርኳቸው፤ የቻልኩት ይህንኑ ነው።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት። ልጄን ይዣት እመጣለሁ፤ በአቋራጩ ነው የምንወጣው። ቆሎውንም ከወዲሁ አስቤበታለሁ። ሸክም የያዘ ሰው ካጋጠመን ዳር መያዝ እንዳለባት፣ «አሸክሙኝ» ያለ ካለም የት ቦታ ላይ መደገፍ እንዳለባት ከቤት ሳንወጣ አሳያታለሁ።