ግማሽ ፒያኖዬን በናፕኪን የሸፈነብኝ ጊታሪስት

ዱባይ አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ማታ ማታ ፒያኖ እጫወት ነበር፣ አንድ ሰሞን ማኔጀሩ ቦሳ ኖቫ የሚባለውን የብራዚል ሙዚቃ ፈለገና ከሪዮ የመጣ በእድሜ የሚበልጠኝ ጊታሪስት ቀጥሮ ከኔ ጋር አጣመረው። እኔ ብቻዬን መጫወት የለመድኩ ሰው ነኝ፣ ግራ እጄ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ቀኝ እጄ ዜማ፣ ባዶ ቦታ ካየሁ መሙላት ነው ስራዬ። እስከ እረፍት ያለውን የመጀመሪያውን ዙር እንደዛው ተጫወትኩት፣ ሰውም አጨበጨበ፣ እሱ ግን ዝም።

እረፍት ላይ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ከጠረጴዛ ላይ ነጭ የጨርቅ ናፕኪን አነሳና ከፒያኖው መሃል በስተግራ ያሉትን ቁልፎች ሸፈነብኝ። ምንም ሳይናገር ተመልሶ ቁጭ። ደሜ ፈላ፣ ስንት አመት እንጀራ የበላሁበትን ግማሽ ፒያኖ ነው'ኮ የነጠቀኝ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ግን ግራ እጄ ስራ ሲፈታ ጆሮዬ ተከፈተ። አውራ ጣቱን ሰማሁት። ሳምባ በሚባለው የብራዚል ጭፈራ ሙዚቃ ውስጥ ያለውን ትልቁን ከበሮ ተክቶ ቤዙን እኩል እኩል ይረግጣል፣ ሌሎቹ ጣቶቹ ደግሞ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) ከምቱ ቀደም ዘግየት እያረጉ ይነጥቁታል፣ ቦሳ ኖቫ ማለት እሱ ነው በቃ። እኔ አንድ ሰአት ሙሉ ስደበድብ የነበረው እዛ አውራ ጣት ላይ ነበር።

ማታ የስታፍ ባስ ውስጥ አንዱን ኢርፎን ሰጠኝ። በፈረንጆቹ 1963 ኒውዮርክ ላይ ሳክስፎኒስቱ ስታን ጌትዝና ብራዚላዊው ዘፋኝና ጊታሪስት ጆአው ጂልቤርቶ የቀዱት አልበም ነው፣ ፒያኖው ላይ ያለው ብራዚላዊው የዜማ ደራሲ ቶም ጆቢም። ኢፓኔማ ስለምትባለው የሪዮ ሰፈር ልጅ የሚዘፈነው ላይ ሳክስፎኑ ጨርሶ የፒያኖው ተራ ሲደርስ ጥቂት ኖታ ጣል ያረግና ይተወዋል። ዜማውን የደረሰው ራሱ'ኮ ነው፣ ማንም አይከለክለውም ነበር! ጆቢም በወጣትነቱ ሪዮ ናይት ክለቦች ውስጥ ለቤት ኪራይ ሲል እንደኔው ማታ ማታ ፒያኖ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው (ይሄን ስሰማ ወንድሜ ነው የመሰለኝ) ከዛም ሪከርድ ካምፓኒ ገብቶ ኖታ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ዜማቸውን ይጽፍላቸው ነበር። የሰው ዜማ ሰምቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ምን ያህል ጆሮ እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ከዛ በኋላ ናፕኪኑን ራሴ እያነጠፍኩ መስራት ጀመርኩ። አንድ ማታ ረስቼው ኖሮ ዙሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ዞር ስል እሱ አይኑን ጨፍኖ እየተጫወተ ነው፣ ግራ እጄ ጭኔ ላይ ነበር።